ካሜራዬና የጎንደሩ ዋሴ

የመንደሩን ስም አልጽፈውም። ከኮሶዬ ወዲያ፣ ከደባርቅ ወዲህ ነው፤ ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ፣ ምክንያቱን ስትደርሱበት ትረዱልኛላችሁ። የቀረውን ግን ሳልደብቅ አወራለሁ። ናዝሬት ከተመለስኩ ጀምሮ ጎረቤቱም ደንበኛውም "ጎንደር እንዴት ነበረች? ፎቶዎቹስ የታሉ?" እያለ መግቢያ መውጫ ስላሳጣኝ፣ ለእያንዳንዱ ከማስረዳ አንዴ ጽፌው ልረፍ ብዬ ነው።

ግርማ እባላለሁ። ናዝሬት ውስጥ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት አለችኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ በፊልም ሠርግና ክርስትና፣ ምረቃና የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሳነሳ ኖሬአለሁ። ሰው ተጠራጣሪ ይለኛል፤ ልክ ነው። ባለቤቴ አልማዝ በሩን ቆልፋ ስትመጣ ተነስቼ እጀታውን እሞክራለሁ። ድሮ ትቆጣ ነበር፣ አሁን ትስቅብኛለች።

የባለሙያ ዲጂታል ካሜራ ገና በየእጁ ባልገባበት በዚያ ዓመት፣ አንድ ማተሚያ ቤት ለግድግዳ ቀን መቁጠሪያ የሚሆን ፎቶ ከጎንደርና ከደጋው አንስቼ እንዳመጣ አዘዘኝ። ለአሥራ ሦስቱ ወር አሥራ ሦስት ፎቶ። እስከዚያ ቀን ድረስ የኔ ሥራ ከሰዎች አልበም ወጥቶ አያውቅም። በየሱቁና በየሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ከሥሩም ስሜ ተጽፎ ሲታየኝ እንቅልፍ አጣሁ። በሕይወቴ ያን ያህል የተመኘሁት ነገር የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ካሜራውን ከዱባይ የሚያስመጣ ነጋዴ አዲስ አበባ ላይ ሸጠልኝ። "አዲስ ነው" ባለኝ ቁጥር ጥርጣሬዬ ይብስ ነበር። ብሎኑ ተፈትቶ እንደሆነ በማጉያ መነጽር አየሁ፤ ሌንሱን ወደ መስኮቱ አዙሬ ጭረት ፈለግሁ፤ ደጋግሜ ባዶውን አስጮህኩት። በመጨረሻ "ለመሆኑ ፎቶው የት ነው የሚቀመጠው?" አልኩት። ፊልም ሲሆን ታጥበዋለህ፣ ብርሃን ላይ ይዘህ ታየዋለህ። ሰውየው አንዲት ቀጭን ካርድ መዳፌ ላይ አስቀመጠና "ሺህ ፎቶ ትይዛለች" አለኝ። አላመንኩትም፤ ሁለት የገዛሁትም ለዚህ ነው። ካሜራው ጎኑ ላይ ለሁለት ካርድ የሚሆን ማስገቢያ አለው። ናዝሬት ቤቴ ስገባ ሁለቱንም አስገባሁና ማስተካከያውን ከፈትኩ፤ ሦስት ምርጫ በእንግሊዝኛ ተደርድሯል። አንዱ ካርድ ሲሞላ ወደ ሌላው ይለፍ የሚለውን የመረጥኩ መስሎኝ አንዱን ተጫንኩና ዘጋሁት።

ሳምንቱን በዝግጅት አሳለፍኩ። አቧራ የምትነፋ የጎማ ፊኛ፣ ለሌንስ የሚሆን ለስላሳ ጨርቅ፣ ሦስት የተሞላ ባትሪ፣ ባለሦስት እግር ማቆሚያ፣ ለዝናብ ወፍራም ፌስታል። ለልምምድ አልማዝን ልብስ ስታሰጣ አርባ ጊዜ አነሳኋት። "ስንጋባ ጊዜም ይኸን ያህል አላየኸኝም" አለችኝ።

ማረፊያ ያገኘችልኝ ጎረቤታችን ሐዋ ናት። ጨርቅ ትሸጣለች፣ የጎንደር ልጅ ናት። "ወንድሜ ኑርሁሴን እያለ ሆቴል ብትገባ ሁለተኛ እንዳታናግረኝ" አለችኝ። ነገሩ ደስ አላለኝም። የማያውቀኝ ሰው እኔን ማሳረፍ ምን ያተርፍለታል?

ረቡዕ፣ እስከ ባሕር ዳር

ከአዲስ አበባ በንጋት ተነሳን። ቦርሳውን ከላይ እንጫነው ቢሉኝ እምቢ ብዬ ጭኔ ላይ አደረግሁት፤ ማንገቻውንም ክንዴ ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠምኩት። አጠገቤ የተቀመጠው ፈርጠም ያለ ሰው ገና ሱሉልታ ሳንደርስ "ምንድን ነው እንዲህ ያቀፍከው?" አለኝ። "የመኪና መለዋወጫ" አልኩት። የተረገመ አፍ! ሰውየው መካኒክ ሆኖ ተገኘ። የምን መኪና? የጭነት። የቱ ክፍሉ? ፓምፕ። የውሃ ነው የነዳጅ? የነዳጅ። ዓባይ በረሃን ወርደን እስክንወጣ ድረስ ስለማላውቀው ፓምፕ ስዋሽ ቆየሁ፤ ያን የሚያህል ገደል በመስኮቱ ሲያልፍ አንዴ እንኳ ቀና ብዬ አላየሁትም። ደጀን ላይ ለምሳ ስንወርድ እምቢ ብለውም ምሳዬን ከፈለልኝ፤ ፓምፑ ካስቸገረኝ ብሎ ባሕር ዳር ያለ የዘመዱን ጋራዥ በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። አሁን ድረስ ሳስበው አፍራለሁ።

ባሕር ዳር ሜዳነቷም ሙቀቷም እንደ ናዝሬት ነው፤ ሐይቁን ሲጨምሩበት ትበልጣለች፣ ይኸን ግን ናዝሬት ውስጥ እንዳትነግሩብኝ። ፔንሲዮኑ ውስጥ አልጋውን ጎትቼ በሩ ላይ አስጠጋሁና ተኛሁ። ጠዋት ባለቤትየዋ ሻይ ልታቀብለኝ በሩን ብትገፋ አልከፈት አላት። "ሰውየው ምን ሆኖብኝ ነው!" ብላ ጎረቤት ጠራችብኝ። አልጋውን ስመልስ ሦስት ሰው ቆሞ እያየኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ጎንደር

በሚኒባስ ቀጠልኩ። እንፍራንዝ ላይ ለቁርስ ስንቆም ከከተማዋ በላይ ኮረብታው ላይ የጉዛራ ግንብ በጠዋት ፀሐይ ቀልቶ ይታያል። ካሜራ ለያዘ ሰው ከዚያ የተሻለ ብርሃን አይገኝም፤ እኔ ግን በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ቦርሳዬን መክፈት ፈራሁ። ፍርፍር ያቀረበችልኝ ሴት ቆማ ስታየኝ ቆየችና "ምነው ወንድም ዓለም፣ ሁለቱንም እጅህን ለቦርሳው ሰጥተህ በምንህ ልትበላ ነው?" አለችኝ። ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። በግራዬ ቦርሳውን ይዤ በቀኜ በላሁ። ግንቡን ሳላነሳው አለፍኩ።

ጎንደር መናኸሪያ ስወርድ አንድ ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ጢማቸው በሂና የቀላ ረጅም ሰው ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ።

"ግርማ አንተ ነህ" አሉኝ።

"በምን አወቁኝ?"

"ሐዋ 'ቦርሳ እንደ አራስ ልጅ ያቀፈ ካየህ እሱ ነው' ብላኛለች።"

ጋሽ ኑርሁሴን እኚህ ናቸው። አራዳ ገበያ ውስጥ አባታቸው የከፈቱት ሱቅ አላቸው፤ ማርና ገብስ ከደጋ ያወርዳሉ፣ ጨውና ጨርቅ ወደ ደጋ ያወጣሉ። በመንገድ ያገኘን ሁሉ ሰላም ይላቸውና እኔን አይቶ "የማን ልጅ ነው?" ይላል። ናዝሬት ሁሉም ሰው ከሌላ ቦታ የመጣ ስለሆነ የማን ልጅ እንደሆንክ የሚጠይቅህ የለም። እዚህ ግን መልስ ሳያገኙ አይለቁም። ጋሽ ኑርሁሴን "የኔ እንግዳ ነው" ሲሉ ብቻ ጠያቂው ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። ለምን እንዲህ በቀላሉ እንደሚያልፍ ያን ቀን አልገባኝም።

ግቢያቸው ገብቼ አረፍ ከማለቴ አንድ ጎልማሳ ትልቅ ቢላዋ ይዞ በጓሮ በር ገባ። ጋሽ ኑርሁሴን በጆሮው አንድ ነገር ነገሩት፤ ሁለቱም ዞረው እኔን ተመለከቱ። ቦርሳዬን አንስቼ ቀስ ብዬ ወደ በሩ ተጠጋሁ። ለካ ሰውየው ክርስቲያን ጎረቤታቸው ነው፤ ለእኔ የሚሆነውን ዶሮ እንዲባርክ ተጠርቶ ነው የመጣው። በዚያ ቤት ለክርስቲያን እንግዳ የተለየ ቢላዋ፣ የተለየ ድስት፣ የተለየ ሳህን አለ። የጋሽ ኑርሁሴን ባለቤት እትዬ ዘሃራ ወጡን አቅርበው "እኛ አንቀምሰውም፤ ጨው ካነሰው አንተው ንገረን" አሉኝ። ጨው የሚባል ነገር አልነበረውም። "ሸጋ ነው" አልኩና ጠርጌ በላሁት። ስለ ቢላዋው ያሰብኩትን ለማንም አልተናገርኩም።

ዓርብ፣ ግንቡ

ጠዋት ጋሽ ኑርሁሴን ካሜራውን እያገላበጡ ዋጋውን ጠየቁኝ። ግማሹን ነገርኳቸው። ቀጥለው "ስንት ኪሎ ይሆናል?" አሉ። ካሜራ በኪሎ የሚጠየቅበትን ምክንያት ሳሰላስል ስልክ አነሱና ወደ ጥግ ዞረው "አዎ፣ ነገ ይዤው እመጣለሁ። ብቻውን ነው" ሲሉ ሰማኋቸው። ብቻዬን መሆኔ ለማን ምን ይጠቅማል? ያን ቀን ፋሲል ግንብ የሄድኩት ይኸ ነገር እየከነከነኝ ነው።

ስለ ግንቡ የሚያውቅ ሰው ጽፎበታል። እኔ የምለው ናዝሬት ውስጥ አሮጌ የምንለው ቤት የአባቴ እኩያ መሆኑን ነው። ማቆሚያውን ስዘረጋ ጥበቃው እየሮጠ መጣና ካሜራ መሆኑን ሲያይ "መትረየስ መስሎኝ እኮ ነው!" ብሎ ግድግዳው ላይ ተደገፈ። ሳቅን፣ አንድ ፎቶም አነሳሁት። እኩለ ቀን ላይ ድንጋዩ ነጭ ሆኖ ዓይን ስለሚወጋ እስከ አሥር ሰዓት ጥላ ሥር ጠበቅሁ። ከዚያ በኋላ ግድግዳው ማር መሰለ። በካሜራው ጀርባ ባለችው መስታወት አንድ በአንድ ሳያቸው ለአሥር ወር የሚበቃ ፎቶ አግኝቻለሁ።

ጋሽ ኑርሁሴን ከጁምዓ ተመልሰው ሲያዩዋቸው "ግንቡን ሁሉም ያነሳዋል" አሉኝ። "ደጋ ላይ አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የማርያም ሥዕል አለች፣ ግድግዳው ላይ። አባቴ ሳይቀሩ ይነግሩኝ ነበር። ሰዎቹ ወዳጆቼ ናቸው፤ ነገ እወስድሃለሁ።" እምቢ ልላቸው ነበር። የቀን መቁጠሪያው አሸነፈኝ።

ቅዳሜ፣ መንደሩ

በአሮጌዋ ፒክአፕ መኪናቸው ወጣን። ናዝሬት ኅዳርን በሸሚዝ ነው የምናሳልፈው፤ ኮሶዬ ላይ ሰው ጋቢ በጋቢ ደርቦ ይንቀጠቀጣል። መንገድ ዳር ካለች ቤት የገብስ ቂጣና ትኩስ ወተት ጋበዙኝ። ካሜራውን ብከፍት ሞልቼው የነበረው ባትሪ ከብርዱ የተነሳ ባዶ ነኝ አለ። አውጥቼ ብብቴ ውስጥ ሳሞቀው ባለቤቷ "ምነው፣ እንቁላል ነው እንዴ የምትታቀፈው?" አለችኝ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ባትሪው ነፍስ ዘራ፤ መጀመሪያ ያነሳሁትም እሷን ነው።

መኪናዋን አቁመን ዳገቱን በእግር ጀመርን። "ቦርሳውን ልያዝልህ፤ ለዚህ ብዬ እኮ ነው ትላንት ክብደቱን የጠየቅሁህ" አሉኝ። ስልኩም ለቄሰ ገበዙ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ የሚይዙት ካህን እሳቸው ስለሆኑ እንዲጠብቁን ነው። ጥርጣሬዬ ሁሉ መልስ አገኘ፣ እኔ ግን ቦርሳዬን አልሰጠሁም። ትንሽ ቆይቼ እርጥብ ድንጋይ አንሸራተተኝና ጉልበቴ ተላጠ። ካሜራው ምንም አልሆነም።

ቄሰ ገበዙ ቀጭን፣ ሳል የያዛቸው ደግ ሽማግሌ ናቸው። ጫማችንን አውልቀን ገባን፤ ጋሽ ኑርሁሴን ከደጅ ቀሩ። ውስጡ ጨለማ ነው። ብልጭታ ቀለም ይጎዳል ስለሚባል አጥፍቼው ካሜራውን ማቆሚያው ላይ አሰርኩ፤ ሌንሱን ሁለት ሁለት ሴኮንድ ክፍት እየተውኩ ትንፋሼን ይዤ አነሳሁ። ስድስተኛው ላይ ነፋስ በሩን ገፋው መሰለኝ፣ ብርሃን ገባ። እመቤታችን ልጇን ይዛ ከነሰማያዊ ካባዋ ወጣች፤ ከእግሯ ሥር ሥዕሉን ያሠራው ሰው በግንባሩ ተደፍቷል። መስታወቱ ላይ ደግሜ ደግሜ አየኋት። ሃያ ዓመት የጠበቅኳት ፎቶ ናት። የመስከረም ገጽ ይቺ ናት አልኩ።

ስንወጣ ጥዱ ሥር ሦስት ሽማግሌዎች ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ታላቃቸውን አያ በላይ ይሏቸዋል።

"የማን ልጅ ነህ?" አሉኝ።

"የኔ እንግዳ ነው አያ በላይ" አሉ ጋሽ ኑርሁሴን።

"እንግድነቱን አልጠላነውም። የያዘውን ነው።" ወደ እኔ ዞሩ። "ካቻምና እንዳንተ ካሜራ ያነገበ ሰው መጣ። አሳደርነው፣ እግሩን አጠብነው። የብር መስቀላችንን አነሳ። ሦስት ወር ሳይሞላ መስቀሉ ከዕቃ ቤት ጠፋ። ጠባቂው ወንድሜ ነበር። ታሰረ፣ ታሞ ወጣ፣ ሌባ እንደተባለ ሞተ። ቄሰ ገበዝ ልቡ ገር ነው፣ ከፈተልህ። አንተ ግን ጥቅሉን አውጣና ፀሐይ እናሳየው።"

ፊልም እንደሌለው ነገርኳቸው።

"ፊልም ከሌለው ምን ልታደርግበት መጣህ?"

ካርዱን አውጥቼ አሳየኋቸው። አያ በላይ መዳፋቸው ላይ አድርገው አገላበጡት። "ይቺ ጥፍር? ማርያምን ከነልጇ በዚች ያዝካት?" እፊታችሁ አጠፋዋለሁ ብል "የጠፋ ነገር ምኑ ይታያል? እኛ የምናምነው እጃችን የገባውን ነው" አሉኝ። የፋሲል ፎቶም እዚያው ላይ እንዳለ ነግሬ ለመንኳቸው። "ፋሲል የትም አይሄድም፤ ሄደህ አንሳው" አሉ። ከዚያ ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። "ሌላ ላለመቅረቱ ዋስ ጥራ።"

ናዝሬት ውስጥ ዋስ በወረቀት ነው፣ በማኅተም። እዚያ ዳገት ላይ ማንን ልጥራ? ጋሽ ኑርሁሴን ጠጋ ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። "የቀረ አለ?" "የለም።" "ልማልልህ?" "ይማሉ።" ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው እጃቸውን አነሱ። "ወላሂ፣ ከዚች ሌላ ምንም የለውም። ዋሱ እኔ ነኝ፤ የጠፋ ቢኖር ከኔ ከቤቴ ጠይቁ።" ማንም ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። ካርዱ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ዕቃ ቤት ገባ።

"በሉ ይኸ አለቀ፣ አሁን ቤት ግቡ" አሉ አያ በላይ፣ ስለ ወንድማቸው ሞት ምንም እንዳልተወራ ሁሉ። ለእኔ እንጀራ በወጥ ቀረበ፤ ለጋሽ ኑርሁሴን የክርስቲያን ሥጋ ስለማይበሉ የገብስ ቆሎ ከነማሩ፣ ወተት በአዲስ ዋንጫ። ጎንደር ላይ ለእኔ የተደረገው እዚህ ለእሳቸው ይደረጋል። እኔ ግን ሁለቴ ጎርሼ ተውኩት። ስንመለስ ቦርሳዬን አቅፌ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ሆን ብለው ነው ያመጡኝ ብዬ ነበር፤ ሽማግሌዎቹን ደስ ሊያሰኙ በኔ ሥራ ነገዱበት ብዬ ነበር። ይኸን አሰብኩ፣ አልክድም።

እሑድ

ጠዋት ሱቃቸው ውስጥ አኩርፌ ተቀመጥኩ። ሊያጽናኑኝ ብለው ይመስለኛል፣ ሚዛናቸው አጠገብ ቆመው "እንግዲያው እኔን አንሳኝ፤ ከወጣትነቴ ወዲህ ፎቶ የለኝም" አሉ። ሁለተኛው ካርድ ባዶውን ካሜራው ውስጥ እንዳለ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። አነሳኋቸው። ሸጋ ፎቶ ወጣ። ቁልፏን ወደ ኋላ ስጫን ሌላ ፎቶ የለም ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ሰማያዊ ካባ መጣ። እመቤታችን ናት። ስድስቱም አሉ። ፋሲልም አለ፣ እንቁላል የምታቀፍ የመሰላት የኮሶዬዋ ሴትም አለች። ናዝሬት ላይ የተጫንኩት ምርጫ ሌላ ኖሯል፤ ካሜራው እያንዳንዱን ፎቶ በሁለቱም ካርድ ሲጽፍ ከርሟል።

"አሳየኝ እስቲ" አሉ ጋሽ ኑርሁሴን።

"ባትሪው አለቀ" አልኩና ዘጋሁት።

መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። አሥራ ሦስቱም ወር በእጄ ነው። ማን ያውቃል? ማንም። ግን ቀን መቁጠሪያው አራዳም ይሸጣል፤ ይኸው እዚህ ከሚዛኑ በላይ ይሰቀላል፤ የደጋ ሰው ማሩን ሊያስረክብ ሲገባ የመስከረምን ገጽ ያያል። ስድስቱን አጥፍቼ ግንቡን ብቻ ብወስድስ? ሳምንቱን ሙሉ ሰውን ስጠረጥር ከርሜ፣ በዚያ ሱቅ ውስጥ ሊጠረጠር የሚገባው አንድ ሰው እኔ ሆንኩ።

ጋሽ ኑርሁሴን ደንበኛ ሸኝተው ተመለሱ። "ትላንት ተቀይመኸኛል፣ አውቄዋለሁ" አሉኝ። "እኔ ግን በሰው ነገር ምዬ አላውቅም። አባቴም አልማሉም። ትላንት የመጀመሪያዬ ነው። ሐዋ የላከችው ሰው አይዋሽም ብዬ ነው።"

ከዚህ በኋላ መቀመጥ አልቻልኩም። "ጋሽ ኑርሁሴን፣ የማሉት ውሸት ሆኗል" አልኩና ከፍቼ አሳየኋቸው። የራሳቸው ፎቶ ጋ ሳልደርስ እጃቸውን አነሱ፤ ማየት አልፈለጉም።

"ሳላውቅ ነው። አሁኑኑ አጠፋዋለሁ" አልኩ።

"እኔ የማልኩት ያጠፋል ብዬ አይደለም። የለም ብዬ ነው።" ቁልፋቸውን አነሱ። "ተነስ።"

 መንደሩ ስንደርስ ቅዳሴ አልቆ ሽማግሌዎቹ በሙሉ በሰንበቴው ቤት ጠላና ዳቦ ይዘው ተቀምጠዋል። ጋሽ ኑርሁሴን ደጃፉ ላይ ቆሙና "ራስህ ተናገር" አሉኝ። ተናገርኩ። ናዝሬት የሆነውን፣ የእንግሊዝኛውን ምርጫ፣ ሁለቱን ካርድ፣ ጠዋት ባትሪ አለቀ ብዬ መዋሸቴን ጭምር።  ካርዱን አውጥቼ አያ በላይ ፊት አኖርኩ። የቀን መቁጠሪያው ኋላ በሌላ ሰው ፎቶ ታተመ፤ ለማተሚያ ቤቱ "አልወጡልኝም" ነው ያልኩት።

"ሦስተኛስ?" አሉ አያ በላይ።

"የለም። ቦታውም የለው።" ካሜራውን ከነቦርሳው ሰጠኋቸው። ቄሰ ገበዙ ኪሱን ሁሉ ፈተሹ።

"ትላንትም የለም ብለህ ነበር። ዋስ ጥራ።"

ወደ ጋሽ ኑርሁሴን ዞርኩ። መሬት መሬት አዩ። "በማላውቀው ነገር ምዬ ተገኘሁ" አሉ ቀስ ብለው። "ሁለተኛ አልምልም።" ፊቴ ነደደ። ተቆጥተው ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው አላምን ስል የኖርኩ ሰው፣ የማያምነኝ ሰው ሲገጥመኝ ምን ያህል እንደሚያም ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

አያ በላይ ካርዱን አንስተው ወደ ብርሃን አደረጉት፣ የሚታይ ነገር ያለበት ይመስል። "እዚች ላይ ምን ምን አለ?"

"የእመቤታችን ሥዕል። ፋሲል። መጨረሻው ላይ ደግሞ ጋሽ ኑርሁሴን፣ ዛሬ ጠዋት ሱቃቸው ውስጥ።"

"ኑርሁሴን? እዚችው ላይ? ከማርያም ጋር?"

"አዎ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ በጋቢው አፉን ሸፈነ። አያ በላይ ካርዱን ለቄሰ ገበዙ አቀበሉ። "ውሰድ፣ ከትላንቷ ጋር አኑራት። ዋስ አልሆንም ቢልም ራሱ ዕቃ ቤታችን ገብቶ ተቀምጧል። ከዚህ ወዲያ ማንን እንጥራ?" ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ጋሽ ኑርሁሴን አልሳቁም። ሽማግሌዎቹ ለእኔም ቦታ ለቀቁልኝ፣ ዳቦ ቆረሱልኝ፤ አያ በላይ ከገዛ ዋንጫቸው ጠላ አጠጡኝ። ስንሰናበት እጄን ይዘው "ማንም አልጠራህም፣ ራስህ መጣህ" አሉኝ። 

መኪናዋ ውስጥ ገብተን ኮሶዬን አለፍን። "ጎንደር ስንደርስ ካርድ ገዝቼ እንደገና ላንሳዎት" ብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። "አንዱ ይበቃል፤ ሌላ ካርድ አታሳየኝ።"

ትንሽ ሄደን ከመንገዱ ዓይናቸውን ሳያነሱ "ለመሆኑ ፎቶው እንዴት ነበር? እኔ እኮ አላየሁትም" አሉኝ።

ነገርኳቸው። ግራ እጃቸው ሚዛኑ ላይ ነበር፤ ከበሩ የገባው ብርሃን ጢማቸውን አብርቶት ነበር፤ ከበስተጀርባቸው የማሩ ጋኖች በጥላ ውስጥ ተደርድረዋል። ዓይናቸው እኔን እያየ ሊስቁ ሲሉ ነው የያዝኳቸው። በሕይወቴ ካነሳኋቸው ሰዎች ሁሉ እንደዚያ ሳይፈራ ካሜራዬን ያየ የለም አልኳቸው።

ፍጥነት ቀንሰው በጥርጣሬ በጎን አዩኝ። "ልታስደስተኝ ብለህ እንዳይሆን?"

"አይደለም።"

"ማል" አሉኝ።

ማልኩላቸው።